ዳለቻ ግድግዳ

ትእዛዝ ሳሎኗን ዳለቻ ልትቀባ ነው ሲባል በሰፈራችን ያልሳቀ ሰው አልነበረም። ዳለቻ የበሬ መልክ ነው። አመድ ይመስላል፤ ነጭ አይሉት ጥቁር አይሉት። በዚያን ጊዜ፣ በሁለት ሺህ ስምንት ዓመተ ምህረት ግድም፣ ደብረ ታቦር ላይ አዲስ ቤት የሠራ ሰው ሰማያዊ ይቀባል፤ ካልሆነ አረንጓዴ። የተረፈው ደግሞ ግማሹን ከታች ዘይት ቀለም አድርጎ ከላይ ሮዝ ይጨምርበታል። ዳለቻ የቀባ ሰው አይተንም ሰምተንም አናውቅም።

እኔ ስርጉት እባላለሁ፤ የሒሳብ መምህር ነኝ። ትእዛዝ ጂኦግራፊ ታስተምር ነበር። በመምህራን ማኅበር ቦታ ሲሰጠን ዕጣችን ጎን ለጎን ወጣ፤ ቤታችንን የሚለየን አንድ አጥር ብቻ ነበር። ከእሷ ጋር አሥራ አንድ ዓመት በአንድ ትምህርት ቤት ሠርተናል፤ በአንድ ዣንጥላ ሄደናል፤ አንዳችን ስንታመም የአንዳችንን ክፍል ይዘናል። የምናገረው ከሰው የሰማሁትን ሳይሆን ያየሁትን ነው። ያደረግሁትንም ጭምር።

የቤቱን ሥራ ያየችው ትእዛዝ ነች። ባሏ እንዳልካቸው የመንገድ ሥራ ፎርማን ስለነበር ሰኞ ወጥቶ ቅዳሜ ነው የሚመለሰው። ድንጋዩን ያስፈለጠችው፣ ኮርኒሱን ያስመታችው፣ ስቱኮውን አሸዋ እንዳይበዛበት ቆማ የጠበቀችው እሷ ናት። ቀለሙ ላይ ስትደርስ ግን ማንንም አልሰማ አለች።

«ለምን ዳለቻ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ያደግሁበትን ቤት አታውቂውም» አለችኝ። «ገሳይን አልፈሽ ቁልቁል ነው። ስምንት ልጆች በአንድ መደብ፣ ከብቶቹ ከጋጣው ማዶ፣ ግድግዳው ከጭስ የተነሳ ሬንጅ መስሎ። ከዚያ ደግሞ የተማሪ ኪራይ ቤት፤ ከዚያ ደግሞ የመምህር ኪራይ ቤት። አንዱ ሐምራዊ፣ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ጋዜጣ የተለጠፈበት። ቀኑን ሙሉ ሰባ ልጅ ሲጮህብኝ እውላለሁ፤ ማታ ደግሞ ግድግዳው ይጮህብኛል። ስገባ ዝም የሚል ቤት ነው የምፈልገው።»

ቀቢው እሸቴ ይባላል። መጀመሪያ አልገባውም። ከከተማ ያመጣላት የቀለም ደብተር ላይ ያሉት ሁሉ አላረኳትም። በመጨረሻ «እሸቴ፣ ዳለቻ በሬ ታውቃለህ አይደል? ዝናብ የመታው ሳይሆን ፀሐይ ላይ የቆመ» ስትለው ሳቀና ባልዲውን አነሳ። ከቤቱ ኋላ ባለው ግድግዳ ላይ ነጩን ከጥቁርና ከቡኒ እያዋሃዱ ሰባት ጊዜ ሞከሩ። እኔ በአጥሩ በኩል አያቸው ነበር። እሷ ጠዋት ታየዋለች፤ ቀትር ላይ ታየዋለች፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደግሞ ትመለስበታለች። ለሳሎኑ ዳለቻ፣ ለመኝታ ቤቱ ፈዘዝ ያለ ቡኒ የሆነውን የበሬ መልክ ቡላ፣ ለኮርኒሱ የእርጎ ነጭ። እሸቴ «እመቤት፣ ቤት ነው ወይስ በረት የምቀባው?» እያለ ይቀልዳል፤ እጁ ግን ቀስ በቀስ ይጠነቀቅ ጀመር።

መጋረጃውን ከአቡጀዲ ሠራችው። አቡጀዲው ነጭነቱ ስለበዛባት በትልቅ ድስት ሻይ ቅጠል አፍልታ ነከረችው፤ ሲደርቅ የገብስ ገለባ መሰለ። ምንጣፉ ከጉና ግርጌ የመጣ ያልተነከረ የበግ ጠጉር ነው፤ የበጉ መልክ እንዳለ ነው፤ ቡኒው ከነጩ ገብቶበት።

ሲያልቅ ጎረቤት መጥቶ አየ። አንዷ «ጎበዝ፤ የሥሩን ቀለም ቀባችሁት፤ ዋናው ቀለም መቼ ነው?» አለች። ሌላው የለቅሶ ቤት ይመስላል ብሎ ሄደ። ነገር ግን እዚያ ቤት የገባ ሰው ለመነሳት ይቸገር ነበር። እኔ ራሴ የተማሪ ፈተና ለማረም ደብተሬን ይዤ እሷ ሳሎን እሄዳለሁ። ድምፄ ሳላስበው ይቀንሳል። ልጇ ሰላማዊት፣ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ምንጣፉ ላይ በሆዷ ተኝታ ታነባለች። ትእዛዝ ብዙ አትናገርም ነበር፤ ብቻ አንዳንዴ ግድግዳውን በመዳፏ ዳሰስ አድርጋ ታልፋለች።

እንዳልካቸው በመጀመሪያ ደንታም አልነበረውም። «ለእኔ ቀለም ቀለም ነው» ነው ያለው። ስለዚህ በሁለተኛው ዓመት መስከረም ላይ ትእዛዝ ፊቷ በርቶ በአጥሩ በኩል ስትጠራኝ ገረመኝ።

«ስሚ እንጂ! እንዳልካቸው ስለ ቤቱ ጠየቀኝ። ቁጭ ብሎ ሲያይ ቆየና ‹ይሄን እንዴት ነው ያዋሃድሽው?› አለኝ። ለፕሮጀክታቸው የእንግዳ ማረፊያ እንዲህ ያለ ቀለም ፈልገዋል። በወረቀት ጽፌ ሰጠሁት።»

በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ባሏ የእሷን ነገር ሲጠይቃት ይህ የመጀመሪያው ነበር መሰለኝ። ለአንድ ባልዲ ነጭ ስንት ማንኪያ ጥቁር፣ ስንት ማንኪያ ቡኒ እንደሚገባ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚማሰል፣ ሁሉን ነገር ዘርዝራ ጽፋለታለች።

ጥቅምት ላይ ቅቤ ልገዛ አንበሳሜ ገበያ ወረድኩ። እንዳልካቸውን እዚያ አየሁት። ከአንዲት ቀይ ወጣት ጋር ሆኖ የተጠቀለለ የበግ ጠጉር ምንጣፍ ባጃጅ ላይ ሲጭን ነው ያገኘሁት። ልጅቷ የኮቱን ኮሌታ አስተካከለችለት። እንዲህ ያለ ነገር ሴት ለወንድሟ አታደርግም፤ ለአለቃዋም አታደርግም። ሲያየኝ አልደነገጠም፤ ቀረብ አለና «የመሥሪያ ቤት ዕቃ ነው። ጸሐፊያችን ናት» አለኝ። «ይቅናችሁ» ብዬው አለፍኩ።

ሆድ ይፍጀው አልኩ። የሰው ትዳር ውስጥ እጄን አልከትም አልኩ። ምናልባት እውነቱን ይሆናል አልኩ። ይህን ሁሉ ያልኩት ለራሴ ነው፤ ለእሷ አንድም ቃል አላልኳት።

ኅዳር ላይ ትእዛዝ የነከረችውን አቡጀዲ ተሸክማ ቤቴ መጣች። እንዳልካቸው የማረፊያውን መስኮት ለክቶ አምጥቶላታል፤ መጋረጃ ስፊልን ብሏታል። የልብስ ስፌት መኪና ያለኝ እኔ ስለነበርኩ እኔ ቤት ሰፋችው። ሁለት ሳምንት ያህል ከሥራ መልስ እየመጣች ሰፋች። ጫፉን በእጇ ነበር የምትቀምቀው፤ ክሩ እንዳይታይ ወደ ውስጥ እያጠፈች፣ በየማዕዘኑ ሁለት ጊዜ እየመለሰች። እኔ መርፌ አቀብላት ነበር።

«እንግዶቹ ማን እንደሰፋው ይጠይቁ ይሆን?» አለችኝ አንድ ቀን እየሳቀች።

«ምን ያውቃሉ» አልኳት።

የርዕሰ መምህራችን አባት ያረፉት ሰኔ ላይ ነው። አገራቸው አንበሳሜ ስለነበር መምህራኑ ሚኒባስ ተኮናትረን ለቅሶ ደረስን። ሳናስበው ቶሎ ተነሳን፤ ሚኒባሱ እስኪመለስ በእግራችን ወደ አስፋልቱ ስንወጣ ዝናብ ጀመረ። በረዶ የቀላቀለ ነበር። ሌሎቹ ወደ ሻይ ቤት ሮጡ። ትእዛዝ ግን መንገዱ ዳር ካለ አንድ ቤት ፊት ለፊት ቆማ ቀረች። ነጠላዋ ርሶ ትከሻዋ ላይ ተጣብቋል። የምታየው መስኮቱን ነው።

«ይሄ መጋረጃ የእኔ እጅ ነው» አለች።

«የፕሮጀክቱ ማረፊያ ይሆናላ» አልኳት። ድምፄ ለራሴም አላማረኝም።

በሩ ተከፈተ። ያቺ የገበያዋ ልጅ ነበረች። እኔን አላወቀችኝም።

«ግቡ እንጂ እህቶቼ! ምነው በዚህ በረዶ ቆማችሁ? ግቡ፣ ግቡ!»

ትእዛዝ ቀድማኝ ገባች።

ቤቱ የትእዛዝን ሳሎን ሰብሰብ አድርገው ያስቀመጡት ይመስል ነበር። ግድግዳው ዳለቻ፤ ኮርኒሱ እርጎ፤ ምንጣፉ ልክ እንደ እሷው ከሶፋው እግር ሥር ገባ ብሎ። በተከፈተው በር የሚታየው መኝታ ቤት ቡላ ነው። ትእዛዝ ሶፋው ላይ፣ እቤቷ በምትቀመጥበት በኩል፣ ተቀመጠች። ልጅቷ ፎጣ አመጣችልን፤ ስሟ ብዙነሽ እንደሆነ፣ ጤና ጣቢያ እንደምትሠራ ነገረችን። ደግ ልጅ ነበረች፤ እሱን መካድ አልችልም።

«ቤትሽ ያምራል» አለቻት ትእዛዝ።

«ተመስገን። ባለቤቴ ነው የመረጠው። እኔማ ሰማያዊ ነበር የምወደው፤ ይሄን ሲቀባብኝ አለቀስኩ። ‹ታገሺ፣ ዓይንሽ ያርፍበታል› አለኝ። እውነትም አሁን ሌላ ቤት ስገባ ራሴን ያመኛል።»

«ቀለም ያውቃል ማለት ነው።»

«እሱ? ተዉት! ቀቢውን እሸቴ የሚባለውን ከደብረ ታቦር ድረስ አምጥቶ፣ ቆሞ አስቀባው። ይሄን ዳለቻ ይለዋል፤ የመኝታ ቤቱን ቡላ። ልጅ ሆኖ ከብት ሲጠብቅ ዓይኑ የለመደውን መልክ ነው ግድግዳ ላይ ያደረገው። ‹ስገባ ዝም የሚል ቤት ነው የምፈልገው› ይላል ሁልጊዜ። ብዙ ችግር ያየ ሰው ነው፤ ስምንት ሆነው በአንድ መደብ ነው ያደጉት።»

እንዳልካቸው የደብረ ታቦር ከተማ ልጅ ነው። አባቱ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። እንኳን ሊጠብቅ፣ ከብት መንገድ ላይ ሲያገኝ ዞሮ የሚሄድ ሰው ነው።

ትእዛዝ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣጥፋ ሰማቻት። ፊቷ አልተለወጠም። ብዙነሽ ቤቷን ሰው ስለወደደላት ደስ ብሏት ከመሳቢያ ውስጥ በላስቲክ የተሸፈነ ወረቀት አወጣች።

«የሚዋሃድበትንም አስቀምጬዋለሁ። እናንተም ከፈለጋችሁ መገልበጥ ትችላላችሁ።»

የትእዛዝ ጽሕፈት ነበር። ሰሌዳ ላይ የማውቀውን ፊደሏን የመሰለ፣ ቀጥ ብሎ የቆመ።

«የማን ጽሕፈት ነው?» አለች ትእዛዝ።

«የመሥሪያ ቤታቸው ጸሐፊ ነች የጻፈችው መሰለኝ።»

«ጥሩ አድርጋ ጽፋዋለች» አለችና ወረቀቱን መለሰችላት። ከዚያ ተነሳች። ዝናቡ አላባራም፤ ብዙነሽ «ኧረ ቆዩ!» እያለች እስከ ደጅ ተከተለችን። ትእዛዝ በበረዶው ውስጥ እየሄደች ወደ አስፋልቱ ወጣች።

ደብረ ታቦር ደርሰን ስንለያይ፣ «ቅዳሜ ሲመጣ ነይ። ሰው አጠገቤ እንዲኖር እፈልጋለሁ» አለችኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሄድኩ። ሰላማዊትን አክስቷ ዘንድ ልካታለች። እንዳልካቸው ጫማውን አውልቆ ሶፋው ላይ ተዘርግቶ ነበር። ትእዛዝ ፊት ለፊቱ ወንበር አምጥታ ተቀመጠች።

«ብዙነሽ ደኅና ናት?» አለችው።

ቀስ ብሎ ተነስቶ ተቀመጠ። መጀመሪያ የት ያለችው አለ፤ ቀጥሎ የሰው ወሬ ነው አለ፤ ቤቷ ገብተን ፎጣ እንዳዋሰችን ስትነግረው ጫማውን በእግሩ መፈለግ ጀመረ። «የመስክ ሥራ እኮ ነው ትእዛዝ። ሳምንቱን ሙሉ ብቻዬን ነኝ። ወንድ ነኝ» አለ።

«እሱን አልጠየቅሁህም። ሴት የያዘ ባል ስንቱን አይቻለሁ፤ እችለው ነበር ወይ አልችለውም ነበር፣ አላውቅም። እኔ የምጠይቅህ ሌላ ነው። ቤቴን ለምን ወሰድክብኝ?»

«ቤትሽ ውስጥ አይደለም እንዴ የተቀመጥሽው? ማን ወሰደብሽ?»

«ስምንት ሆነን በአንድ መደብ ያደግነው እኛ ነን። እኔና ወንድሞቼ። የሞቱትም አሉበት። ያንን ወስደህ ለሴት ማባበያ አደረግኸው። መጋረጃዋን በእጄ አሰፋኸኝ።»

ሳቀ። ተሳስታለች እንዳትሉኝ፤ አዎ፣ ሳቀ። «ለቀለም ነው ይሄ ሁሉ? ለአቡጀዲ? እንዲያውም ሊያኮራሽ ይገባ ነበር፤ ሥራሽን ወድጄው ነው የደገምኩት።» እሷ ዓይኗን ሳትነቅል ስታየው ግን ሳቁ ተቆረጠና በእጁ ወደ እኔ አመለከተ። «ደግሞ ነገሩ ይህን ያህል ከባድ ቢሆን ኖሮ ጓደኛሽ ትነግርሽ ነበር። ጥቅምት ላይ ከእሷ ጋር ገበያ ውስጥ አይታናለች። ጠይቂያት።»

ትእዛዝ ወደ እኔ ዞረች።

«ጥቅምት?»

«ትእዛዝ፣ እኔ ምናልባት…»

«መጋረጃውን የሰፋሁት ኅዳር ነው።»

«አዎ።»

«በአንቺ መኪና። አንቺ አጠገቤ ቁጭ ብለሽ።»

ለትዳርሽ አዝኜ ነው ልላት አሰብኩ፤ አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ያዘንኩት ለራሴ ነበር፤ ነገሩ ቢፈርስ ነጋሪዋ እንዳልባል።

«ሂጂ» አለችኝ። ጮክ አላለችም።

ሽማግሌ ተላከ። የንስሐ አባቷ መምሬ ገሰሰ፣ አጎቴ አያሌውና አንድ ሌላ ሰው ሦስት እሑድ ተመላልሰዋል። አጎቴ እንደነገሩኝ፣ በመጨረሻው እሑድ መምሬ ገሰሰ ሳሎኑን ዞር ዞር ብለው አይተው፣ «ልጄ፣ ባልሽ በድሏል፤ ንስሐ ይገባል። እንዲህ በእጅሽ ያሳመርሽው ቤት እንዴት ይፈርሳል? ለቤቱ ስትይ እንኳ ታረቂ» አሏት።

«አባቴ፣ እርስዎ የተቀመጡበት ቤት አንበሳሜም አለ። እዚያ ሄደው ቢቀመጡ ልዩነቱን አያውቁትም። እኔም ከዚያን ቀን ጀምሮ አላውቀውም። ስገባ የማን ቤት እንደገባሁ አይገባኝም» አለቻቸው። ሽማግሌዎቹ ተነሱ።

ፍቺው ዓመት አልፈጀም። ቤቱ የጋራ ነው ተባለ። እሷ ድርሻዋን ለእሱ ለቅቃ፣ ዝውውር ጠይቃ ሰላማዊትን ይዛ ወደ ገሳይ ሄደች። ጭነት መኪናው ሲመጣ በአጥሩ በኩል አየሁ። መጽሐፍና አልጋ ጫነች፤ መጋረጃውን እንደተሰቀለ፣ ምንጣፉን እንደተነጠፈ ተወችው። ልርዳሽ ብዬ እስከ በሯ ሄድኩ፤ ጫኞቹን «ያንን ሳጥን ቀስ በሉት» ስትል በአጠገቤ አለፈች።

እንዳልካቸው የመንገዱ ሥራ ሲያልቅ አልተቸገረም። ሳሎኑ ወደ አስፋልት የሚያይ ስለነበር ግድግዳውን ከፍቶ የቀለም ሱቅ አደረገው። በዚያ ዓመት ከተማው ተለውጦ ነበር፤ ከሌላ አገር የመጡ የዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ የባንክ ሠራተኞች፣ ረጋ ያለ ቀለም የሚፈልጉ ሰዎች በዝተዋል። እሱ ዘንድ ይሄዳሉ። በጠፍጣፋ እንጨት ላይ ዳለቻ፣ ቡላ፣ እርጎ ብሎ ቀብቶ ሰቅሏል። ሰው ቤት ድረስ ሄዶ መስኮቱ በየት በኩል ፀሐይ እንደሚያስገባ አይቶ ይመክራል። እሸቴ ለእሱ ይቀባለታል። ሲያወራ ሰምቼዋለሁ፤ ከብት ሲጠብቅ ያደገበትን ነገር አሳምሮ ነው የሚያወራው። ደንበኞቹ በአድናቆት ይሰሙታል። አሁን በከተማችን ውስጥ ስንት ሳሎን ዳለቻ እንደሆነ እንጃ። አንዱም ሰው ትእዛዝ የምትባል ሴት አያውቅም።

ብዙነሽ አሁን እሱ ዘንድ ገብታ ጎረቤቴ ሆናለች። አንድ ቀን ልብስ ስታሰጣ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ፣ «እትዬ ስርጉት፣ እርስዎ ከመጀመሪያውም እዚህ ነበሩ። ይሄን ቀለም መጀመሪያ ያመጣው እሱ ነው ወይስ እሷ? እሱማ ‹እሷንም ያስተማርኳት እኔ ነኝ› ይለኛል» አለችኝ። ዓይኗ ያሳዝን ነበር። ሱቁ በር ላይ እንዳልካቸው ቆሟል፤ ወደ እኛ ያያል።

«እኔ አላውቅም» አልኳት።

ባለፈው ዓመት የትእዛዝ እናት አረፉ። ሰምቼ መቅረት አልሆነልኝም፤ ለሰባት ቀኑ ገሳይ ሄድኩ። የምትኖረው ከአስፋልቱ ገባ ባለ ኪራይ ቤት ነው። ግድግዳው አከራዮቹ የቀቡት ኃይለኛ ብርቱካንማ ሲሆን በእርጥበት ተልጦ ከበሩ አጠገብ ጭቃው ይታያል። መስኮቱ ላይ የተሰቀለ ነገር የለም። ሰላማዊት አድጋለች፤ ሰላም ብላኝ ወጣች። ትእዛዝ ጥቁሯን ለብሳ የተማሪ ፈተና ታርም ነበር። ስገባ ተነሳችና ወንበር ሰጠችኝ።

«እግዜር ያጽናሽ» አልኳት።

«አብሮ ያጽናን። ይቀመጡ» አለችኝ።

በዕድሜ ሦስት ወር እበልጣታለሁ። አሥራ አንድ ዓመት አንቺ ስትለኝ ኖራ፣ «ይቀመጡ» አለችኝ። «መንገዱ አስቸገረዎት?» አለችኝ። «ልጆችዎ ደኅና ናቸው?» አለችኝ። ውሃ በብርጭቆ አቀረበችልኝ፤ እንደ ባዕድ እንግዳ በሁለት እጇ። ስለ እናቷ ሕመም ጠየቅኋት፤ በአጭሩ መለሰችልኝ። የያዝኩትን ነገር ሁሉ፣ ስንት ሌሊት ያዘጋጀሁትን ይቅርታ፣ በዚያ «እርስዎ» ላይ የማስቀምጥበት ቦታ አጣሁ።

ውሃውን ጠጥቼ ተነሳሁ። እስከ ደጅ ሸኘችኝ።

«አመሰግናለሁ ስለመጡ። መሸብዎት፤ የመጨረሻው መኪና እንዳያመልጥዎት» አለች፤ ከዚያ ወደ ፈተናዋ ተመለሰች።